የደም ግፊት፦ የት ልለካ፣ የትኛውን መለኪያ ልግዛ፣ የትኛው ክኒን ይስማማኛል? የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች የምርጫ መመሪያ

«ግፊት አለብህ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቱ ክኒን እንደሚሻል ነው። ክኒኑን የሚያስመርጠው ግን ቁጥሩ ነው፤ እሱ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይሳሳታል። ከገበያ እየተጣደፈ መጥቶ፣ ሹራቡን ሳያወልቅ፣ እያወራ የተለካ ሰው 155/95 ሊወጣለት ይችላል፤ ያው ሰው ቤቱ ተረጋግቶ ሲለካ 128/80 ይሆናል። በመጀመሪያው ቁጥር ክኒን ከጀመረ ከመኝታው ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎም ይተወዋል። ተቃራኒውም አለ። ጤና ጣቢያ ሲለካ ደህና የሚመስል፣ ቤቱ ሲለካ ግን ሁልጊዜ ከፍ የሚልበት ሰው አለ። የዚህኛው ይብሳል፤ ማንም አያውቅለትማ። ራስ ምታትን መጠበቅም አያዋጣም፤ ግፊት ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ሲጎዳ ይቆያል።

የት ልለካ?

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ መድኃኒት ቤት፣ መንገድ ዳር ሚዛንና መለኪያ ይዘው የሚቀመጡ ልጆች፣ የራስ ቤት። አራቱም ጋ ቁጥር ይገኛል፤ ክብደቱ ግን አንድ አይደለም።

በጤና ተቋም ግፊት አለ የሚባለው በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከሁለቱ አንዱ ማለፉ ይበቃል። ቤት ሲለኩ ግን መስመሩ ዝቅ ይላል፤ 135/85 ነው፤ ሰው ቤቱ ሲሆን ይረጋጋልና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱ ለክቶ 138/87 ያያል፣ «ከ140 በታች ነኝ» ይልና ክትትሉን ያቆማል።

መንገድ ዳር የሚወጣው ቁጥር ከጥቆማ አያልፍም። ደሴ ላይ ዳገት ሳይወጡ የትም አይደረስ፤ ፒያሳ ወይም ሸዋ በር ደርሶ ትንፋሹ ሳይመለስ የተለካ ሰው ከፍ ቢልበት አይገርምም። ከፍ ካለ አይደንግጡ፣ ዝቅ ካለም አይተማመኑ፤ ሌላ ቀን በደንብ ይለኩ። መድኃኒት ቤት የሚሻለው ወንበር ካለውና አምስት ደቂቃ አረፍ ካስባለዎት ብቻ ነው። መስኮቱ ጋ ቆመው ክንድዎን ከዘረጉ ከመንገዱ በምንም አይለይም።

ግፊት መኖሩን ለማረጋገጥ ጤና ጣቢያ፣ ክኒኑ መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ ቤት እንመርጣለን።

የትኛውን መለኪያ ልግዛ?

ገበያ ላይ የሚያገኙት ሦስት ዓይነት ነው፤ ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ዲጂታል፣ እና በእጅ እየተነፋ በማዳመጫ የሚለካው።

የእጅ አንጓው ትንሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ በደሴ ብርድ ሹራብ ማውለቅ አይጠይቅም። ገዢው የሚወድለት ይህንኑ ነው። ችግሩ አቀማመጡ ላይ ነው። አንጓው ከልብ ትይዩ ካልሆነ ቁጥሩ ይዛባል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ንባቡ ወደ 8 ገደማ ይጨምራል። እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ የሚለካ ሰው እንግዲህ በቀላሉ 15 የሚሆን የሌለ ግፊት አስመዘገበ ማለት ነው። ይህንን ዓይነት የምንመክረው ክንዱ በጣም ወፍራም ሆኖ የሚዞርለት ማሰሪያ ላጣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እጁን ደረቱ ጋ ከፍ አድርጎ፣ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ይለካ።

በእጅ የሚነፋው ባትሪ አይፈልግም፣ በሠለጠነ ጆሮ ከተለካበትም ጥሩ ነው። ራስን ለመለካት ግን አይመችም፤ በአንድ እጅ ጎማውን እየጨመቁ፣ አየሩን ቀስ ብለው እየለቀቁ፣ ድምፁን እያዳመጡ፣ መርፌውን እያዩ መሥራት ልምድ ይጠይቃል። ጎማውን ሲጨምቁ ሰውነት መወጠሩ ራሱም ቁጥሩን ይነካዋል። ቤት ውስጥ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ካለ ይግዙት። ሲገዙ ሳይነፋ መርፌው የት እንደቆመ ይመልከቱ፤ ዜሮ ላይ ካልሆነ ይመልሱት። አንዴ መሬት የወደቀ መለኪያ ሳይስተካከል አይታመንም፤ ባይወድቅም በዓመት አንዴ መፈተሽ አለበት። የድሮው የሜርኩሪ መለኪያ መርዛማ ስለሆነ ሜርኩሪን በሚገድበው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው፤ ርካሽ ቢያገኙም ቤትዎ አያስገቡ።

የቀረው የክንዱ ዲጂታል ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። ዋጋውን ከሚወስነው ስምና ጌጥ ይልቅ የማሰሪያውን፣ ብዙዎች ካፍ የሚሉትን፣ ስፋት ይዩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው በትከሻ አጥንትዎ ጫፍና በክርንዎ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ክንድዎን ዙሪያውን ይለኩ። ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መካከለኛው ይበቃል። ከ32 እስከ 42 ከሆነ ትልቁ ያስፈልጋል። 22-42 ተብሎ የተጻፈበት ማሰሪያ ደግሞ ለቤተሰቡ በሙሉ ሊያገለግል ይችላል። መጠኑ ማሰሪያው ላይ ታትሟል፤ ሲጠቀለልም ጠርዙ ከተሰመረው ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። ከክልሉ ውጭ ከወደቀ መጠኑ አይደለም። የጠበበ ማሰሪያ በወፍራም ክንድ ላይ ከ5 እስከ 20 የሚደርስ ይጨምራል፤ በዚህ ብቻ ሁለተኛ ክኒን የተጨመረለት ሰው ይኖራል። የሰፋ ማሰሪያ ደግሞ ቀንሶ ያሳያል።

ከገዙ በኋላ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ። በአንድ ክንድ ላይ፣ አንዴ በእነሱ፣ አንዴ በእርስዎ፣ በመሃሉ አንድ አንድ ደቂቃ እያረፉ እየተለዋወጡ ይለኩ። በአማካይ እስከ 5 ቢለያይ ደህና ነው። ከ10 በላይ ከተለያየ አይተማመኑበት። ዲጂታል መለኪያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሦስት ነገር አንዱ ነው፤ ባትሪው ደክሞ ማሰሪያው እየተንቀራፈፈ ይነፋል፣ የቱቦው መሰኪያ ላልቶ አየር ያፈሳል፣ ወይም የሚጣበቀው ጨርቅ አርጅቶ በመሃል ይላቀቃል። የልብ ምቱ የሚዛባ ሰው ላይ ዲጂታሉ በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ሊያወጣ ስለሚችል ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል።

አለካኩ

ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራ የለም። አቦሉን ጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ «እስቲ ለኩኝ» ማለት አይሆንም። ሽንትዎን ይሽኑ፤ የተወጠረ ፊኛ ብቻውን 10 ያህል ይጨምራል። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ፣ መሬት አስነክተው አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። ዱካ ላይ መቀመጥ ጀርባ ስለማያስደግፍ ወንበር ይፈልጉ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ፣ ከልብዎ ትይዩ ያሳርፉ። ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይታሰር፤ የቀስቱ ምልክት በክንድዎ ውስጠኛ ጎን ባለው የደም ሥር ላይ ይዋል። እየተለካ አያውሩ፤ ወሬም 10 ያህል ይጨምራል።

ብርድም ይጨምራል፤ የደም ሥር ይጠብባልና። ደሴ ላይ በጥቅምት ንጋት ከብርድ ልብስ እንደወጡ አይለኩ፤ ጋቢዎን ተከናንበው አንድ ክንድ ብቻ አውጥተው፣ ሰውነትዎ ከሞቀ በኋላ ይሁን።

ጠዋት ክኒን ከመዋጥዎና ቁርስ ከመብላትዎ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመሃሉ አንድ ደቂቃ እያረፉ ለሰባት ቀን ይለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉት፤ የቀሩትን ስድስት ቀናት ቁጥሮች ደምረው ለ24 ያካፍሉ። ለሐኪምዎ የሚያሳዩት ይህንን አማካይ ነው። መጀመሪያ ሲለኩ ሁለቱንም ክንድ ይሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከፍ ባለው ክንድ ይለኩ።

ጫት የሚቅም ሰው ሌላም ሥራ አለበት። ከመቃሙ በፊትና ምርቃናው ላይ ለክቶ ሁለቱንም ይጻፍ። ብዙዎች የኋለኛውን «የጫቱ ነው» ብለው አይቆጥሩትም። ጫት ላይ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ በየቀኑ ከሰዓቱን የሚቅም ሰው የደም ሥር ያንን ጫና በየቀኑ ለሰዓታት ይሸከማል። ያ ቁጥር እንግዲህ ውሸት አይደለም።

የትኛው ክኒን?

ጤና ጣቢያ ላይ በብዛት የሚታዘዙት አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እና ኢናላፕሪል ናቸው። ሦስቱም በአግባቡ ከተወሰዱ ግፊት ያወርዳሉ። ልዩነቱ ያለው የሚውጣቸው ሰው ሥራ፣ ዕድሜና ሌላ ሕመም ላይ ነው። የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው፤ ኑሮዎን የሚነግሩት ግን እርስዎ ነዎት፤ ሳይነግሩት አያውቅም።

አምሎዲፒን ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ግራም ይጀመራል፣ በቀን አንዴ፤ ከፍተኛው 10 ነው። ትልቁ ጥቅሙ ከሰውነት ቶሎ አለመውጣቱ ነው፤ ግማሹ ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ በሰዓታት ቢያረፍዱት ግፊቱ ወዲያው አይሸሽም። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በፈረቃ ለሚሠራ፣ አንድ ሳምንት ቀን ሌላ ሳምንት ሌሊት ለሚገባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለመጀመር የኩላሊት ምርመራ መጠበቅም አያሻውም። ግፊቱን በደንብ የሚያወርደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ማለት ችኮላ ነው።

ችግሩ ቁርጭምጭሚት ማሳበጡ ነው፤ በተለይ 10 ሚሊ ግራም ላይ፣ በተለይ ቆሞ ለሚውል ሰው። ማታ ካልሲዎን ሲያወልቁ የላስቲኩ መስመር ጠልቆ ይታያል፤ በአውራ ጣትዎ አጥንቱ ላይ ቢጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። በሁለቱም እግር እኩል ከሆነና ትንፋሽ የማያሳጥር ከሆነ ኩላሊት ወይም ልብ ደከመ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሲከፍት ፈሳሹ ወደ ሥጋ ስለሚያልፍ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ላዚክስ የተባለውን የሚያሸና መድኃኒት መጨመር ነው። ፈሳሹ በደም ሥር ውስጥ የተከማቸ ስላልሆነ ላዚክስ ብዙም አይረዳም፤ ፖታሲየም ያሳጣል እንጂ። መፍትሔው ወደ 5 መመለስ ወይም ከኢናላፕሪል ጋር ማጣመር ነው፤ ኢናላፕሪል እብጠቱን ራሱ ይቀንሰዋል።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከ12.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ይዋጣል። ከ25 በላይ ሲወጣ ግፊት የማውረዱ ነገር ብዙም አይጨምርም፣ ጉዳቱ ግን ይጨምራል። ለአዛውንትና ጨው ለሚበዛበት ሰው ጥሩ ነው። የማይሆነው ለማን ነው? ሪህ ላለበት፣ ሪህን የሚቀሰቅሰውን ዩሪክ አሲድ ስለሚጨምር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ለሚነዳ ሾፌርም አይመችም። ክኒኑ ውሃና ጨው ያስወጣል፣ የአፋር ሙቀት በላብ ያስወጣል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ማዞርና የጡንቻ መሸማቀቅ ይመጣል፤ መሪ ይዞ ማዞር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰውም ሽንቱን ፈርቶ የጉዞ ቀን ክኒኑን ይዘላል። መንገድ የሚያበዙ ከሆነ ገና ሲታዘዝልዎ ይናገሩ። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ ደሴ ላይ የተስማማ መጠን እዚያ ሙቀት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሊበዛበት ይችላል።

ኢናላፕሪል አብዛኛውን ጊዜ በቀን 5 ሚሊ ግራም ይጀመራል፣ እንደ አስፈላጊነቱ ለሁለት ተከፍሎ ይጨምራል። ስኳር ኖሮበት ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ለታየ፣ ልቡ ለደከመ ሰው ከሁሉም ይቀድማል፤ ኩላሊትንም ልብንም ይጠብቃል። ሌላ ሕመም ለሌለበት ሰው ግን ለብቻው የመጀመሪያ ምርጫችን አይደለም። ምክንያቱ ደረቅ ሳል ነው። ሳሉ በጀመሩ በሳምንትም በወራትም ሊመጣ ይችላል፣ አክታ የለውም፣ ሌሊት ይብሳል። የደሴ ሰው ሳል ሲይዘው ብርዱን ይከስሳል፤ ዝንጅብል ይፈላል፣ ፀረ ተሕዋስያን ይገዛል፣ የሳንባ ምርመራም ይደረጋል፣ ሳሉ ግን አይለቅም። ኢናላፕሪል ከጀመሩ ወዲህ የመጣ ሳል ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። በምትኩ የሚሰጠው ሎሳርታን እንዲህ አያስልም፤ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ግን አይፈቀድም። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ኢናላፕሪልም ዳግመኛ አይነካም። ከተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም መታየት አለባቸው። ነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ያሰበች ሴት ኢናላፕሪልንም ሎሳርታንንም አትውሰድ፤ ፅንሱን ይጎዳሉ። ለእርግዝና ሜቲልዶፓ ወይም ቀስ ብሎ የሚሟሟ ኒፌዲፒን አለ።

የልብ ምትን የሚያዘገየው አቴኖሎል የልብ ደም ሥር መጥበብ ወይም የልብ ምት ችግር ከሌለ ለግፊት መጀመሪያ የሚመረጥ አይደለም፤ የጀመረ ሰውም በድንገት አያቁመው።

አንዱ ክኒን ሳይበቃ ሲቀር መጠኑን እጥፍ ማድረግ ወይስ ሁለተኛ መጨመር? ብዙ ሕመምተኛ ሁለት ዓይነት መዋጥን «በሽታዬ ባሰ» ብሎ ስለሚተረጉም እጥፉን ይመርጣል። በተግባር ግን እጥፍ ማድረግ የሚያወርደው ጥቂት ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ያድጋል። ሁለት የተለያዩ ክኒኖች በትንሽ መጠን ሲጣመሩ ይበልጥ ያወርዳሉ። ሁለተኛ ክኒን ቢጨመርልዎ አይከፋዎት።

ከሁሉም ክኒን ጋር የሚጣላ ነገር ደግሞ አለ፤ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ግፊት ይጨምራሉ፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኙ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጎዱ ይችላሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይምረጡ።

ጨው፣ ባህላዊ መድኃኒት፣ ጾም

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሽፈራው ወይስ ጨው መቀነስ? ጨው መቀነስ። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች። ወጥ ላይ የሚጨመረውን ብቻ አይቁጠሩ፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል፣ አዋዜውና ቋንጣው አለባቸው፣ ቡናውንም በጨው የሚጠጣ አለ። ሲያስፈጩ ጨው ሳይገባ አስፈጭቶ ወጡ ላይ በልክ መጨመር መቆጣጠርን ያቀልላል። ፖታሲየም ያለበት «የግፊት ጨው» ቢያገኙ፣ ኩላሊትዎ ከታመመ ወይም ኢናላፕሪል ከሚወስዱ አይጠቀሙበት። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ይብሉት፤ የክኒን ምትክ ግን አይደለም።

በረመዳን በቀን አንዴ የሚወሰደው አምሎዲፒን ችግር የለበትም፤ በኢፍጣር ወይም በስሁር፣ ሰዓቱን ሳይቀያይሩ ይውጡት። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ኢናላፕሪል ለሁለቱ ይከፈላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በስሁር ከተዋጠ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ያሸናል፤ ወደ ኢፍጣር ማዛወር ወይም ለዚያ ወር በሌላ መቀየር እንደሚቻል ወሩ ሳይገባ ሐኪምዎን ይጠይቁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ክኒኑን ወደ ማታ ቢያዛውር ውጤቱ አይጓደልበትም። ፀበል የሚገባ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ በሱባዔ ሳምንት ማቆም ግፊቱን መልሶ ይሰቅለዋል።

180 ቢወጣስ?

የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 120 ካለፈ መጀመሪያ የሚታየው ምልክቱ ነው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መኮላተፍ፣ የዓይን መጋረድ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም መደናገር ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወሰኑ ዝቅ ያለ ነው፤ 160/110 ድንገተኛ ነው፣ 140/90 ደግሞ በዕለቱ መታየት አለበት።

ምልክት ከሌለ አምስት ደቂቃ አርፈው ዳግመኛ ይለኩ። ያው ከሆነ ያልዋጡት ክኒን ካለ የዕለቱን ብቻ ይውጡ፣ ያለፈውን ለማካካስ አይደርቡ፤ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የጎረቤት ክኒን አይዋሱ። ኒፌዲፒን ምላስ ሥር አድርጎ ግፊትን በደቂቃዎች የማውረድ የቆየ ልማድ ቀርቷል፤ ሲወርድ በአንዴ ስለሚወርድ አንጎልና ልብ ደም አጥተው በዚያው የሚመቱ ሰዎች ነበሩና።